የተደፈነው ታች፣ የቆሰለው ላይ



«ሆድ ይፍጀው» የምትለዋ አነጋገራችን ስንቱን ጉድ ተሸክማ እንደኖረች ሁላችንም እናውቃለን። ቂም ቢሆን፣ የፍቅር ነገር ቢሆን፣ የፖለቲካ ምሥጢር ቢሆን፣ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፋል። ለመሆኑ ሆድ ራሱ ሲታመምስ ማን ይፍጀው? የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው። ምሳ እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ሰገራ፣ ስለ ደምና ስለ ትልቁ አንጀት በግልጽ እጽፋለሁ። በጨዋነት ሸፋፍኖ መናገር የሚያደርሰውን ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁና። ጉዳት አድራሹም እኔው ራሴ ነበርኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ የማከብራቸው ወዳጅ አሉኝ። ታሪካቸውን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ስማቸው እንዳይነሣ በመሆኑ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ በለቅሶም በሠርግም ከፊት የማይታጡ ሰው ናቸው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሆዳቸው እንደ ወትሮው አልሆን አላቸው። ሦስት አራት ቀን ይደርቅባቸዋል፤ ከዚያ ደግሞ ድንገት ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይከተላል። ይነፋቸዋል፣ ይጮህባቸዋል፣ ማታ ማታ ቁርጠት አለ። «መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ሆዱ ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል?» እያሉ ወራት አሳለፉ።

በስንት ውትወታ ሐኪም ጋ ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ጋሼ እንግሊዝኛ አያጡም። ነገር ግን የሆድን ነገር በእንግሊዝኛ ለመናገር ከታክሲ ነጂነት የሚገኘው ቋንቋ አይበቃም። ዶክተሯ ወረቀቷን እያየች፣ ሰገራቸው ላይ ደም አይተው እንደሆነ ጠየቀች። እኔ ደግሞ ታላቄ ፊት ቁጭ ብዬ ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት ከበደኝ። «ጋሼ፣ ወደ ውጭ ሲወጡ ደኅና ነው?» አልኳቸው። «ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ወደ ዶክተሯ ዞሬ «ደም የለም» አልኩ።

ደም ነበረ። ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ኪንታሮት ነው ብለው ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም።

በጋዜጠኝነት ዘመኔ ጥያቄ በመጠየቅ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ባለሥልጣን ፊት ሳልፈራ የጠየቅሁባቸውን ቀናት ዛሬም በኩራት አወራለሁ። ያቺን አንዲት ጥያቄ ግን እንደተጠየቀችው አድርጌ መጠየቅ አቃተኝ። ዶክተሯ በበኩሏ፣ ዕድሜያቸው ስለደረሰ ትልቁ አንጀታቸው በኮሎኖስኮፒ እንዲታይ የሚል ወረቀት ሰጥታቸዋለች። ደም መኖሩን ብታውቅ አስቸኳይ ብላ እንደምትጽፍበት ጥርጥር የለኝም። ባለማወቋ ግን ተራ ቀጠሮ ሆነና ወረቀቱ ከመኪናቸው መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ከየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ተቅማጡ ሲበረታ «አሜባ ነው» ተባለና ካገር ቤት የመጣ የአሜባ ክኒን ተዋጠ። ድርቀቱ ሲመለስ «ሆድ መታጠብ አለበት» ተባለና የጉሎ ዘይት ተጠጣ። እኛ መቼም ኮሶ እየጠጣን ያደግን ሕዝብ ነን፤ ሆድን የሚያዳክር ነገር ሁሉ በሽታውን ጠራርጎ የሚያወጣ ይመስለናል። ጋሼ የጉሎ ዘይቱን በጠጡ በማግስቱ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሰገራ ቀርቶ፣ በግልጽ እጽፋለሁ ብያለሁና፣ ፈስ እንኳ አልወጣ አለ። ትውከት ተጨመረ፣ ትኩሳት ተነሣ። ሌሊቱን ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰድናቸው።

ሲቲ ስካን በተባለው የራጅ መሣሪያ ታዩ። የመጀመሪያው ወሬ ሲወጣ ትልቁ አንጀታቸው ረዘም ካለ ቦታ ላይ ማበጡንና መቆጣቱን፣ ይኸውም ኮላይቲስ የሚባለው ነገር እንዳለባቸው ሰማን። እኛም በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ «ተመስገን! የአንጀት ቁጣ ብቻ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል» ብለን ተቃቀፍን። ከዘመዶቻቸው አንዷማ ወደ አዲስ አበባ ደውላ አበሠረች።

ጥቂት ቆይቶ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። ደስታችንን አይቶ ፊቱን ከበድ አደረገና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከወረቀት ጀርባ ላይ አንድ ቧንቧ ሣለ። ቧንቧው ታች ላይ ጠቦ ሊዘጋ ደርሷል። ከጠበበው በላይ ያለው ክፍል ተነፍቷል። ከዚያ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶው ነጠብጣብ አደረገና «እናንተ የሰማችሁት ቁጣ ይህ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እዚህ ታች ያለው ነው» አለ።

ይህን ለጋሼ እንድተረጉም ወደ አልጋቸው ስጠጋ፣ እንደ በፊቱ ማድበስበስ እንደማይገባኝ ገባኝ። እሳቸው የገበሬ ልጅ ናቸው። «ጋሼ፣ የመስኖ ቦይ ያውቃሉ አይደል? ቦዩ ታች ላይ በድንጋይ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል። ግድቡን እየቦረቦረ የሚያፈርሰው፣ ማሳውን የሚያበሰብሰው ላይ ነው። ከድንጋዩ በታች ያለው ቦይ ግን ምንም አልሆነም። የርስዎም አንጀት እንዲሁ ነው። የቆሰለው ላይ፣ የተደፈነው ታች ነው» አልኳቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ቦዩን ሳይከፍቱ ማሳውን ቢያክሙት ምን ዋጋ አለው?» አሉ። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ተርጉሜ ስነግረው፣ ለተማሪዎቹ የሚነግራቸው ይህንኑ መሆኑን ገለጸልኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የዛሬው ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ የበቀለ ካንሰር መንገዱን ሲያጠብ ወይም ሲዘጋ፣ ከበላዩ ያለው የአንጀት ክፍል አንዳንድ ጊዜ ይቆጣል፣ ይቆስላል። ሐኪሞች ይህን ኦብስትራክቲቭ ኮላይቲስ ይሉታል፤ ከመዘጋት የመጣ የትልቁ አንጀት ብግነት እንደማለት ነው። የአንጀት መቆጣት ለብዙ ዓመት ሲቆይ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ካንሰሩ ቀድሞ ይመጣል፤ ቁጣው ይከተለዋል።

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ትልቁ አንጀት 1.5 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከቀኝ በኩል ከታች ይነሣና፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሆድን አቋርጦ፣ በግራ በኩል ወርዶ ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። በቀኙ በኩል አንጀቱ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ያለውም ገና ፈሳሽ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል የሚበቅል ዕጢ ቶሎ አይዘጋም። ቀስ በቀስ እየደማ ሰውን ደም ያሳንሰዋል፤ ድካም፣ የልብ ምት መፍጠንና ማለክለክ ያመጣል። በግራው በኩል ግን አንጀቱ ጠባብ ነው፤ ሰገራውም ደርቆና ጠጥሮ ነው የሚደርሰው። እዚያ የሚበቅል ዕጢ ብዙውን ጊዜ አንጀቱን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዞ ያጠበዋል። መጀመሪያ ድርቀት፣ ቀጥሎ መነፋት፣ በመጨረሻም ፈጽሞ መዘጋት ይመጣል።

መንገዱ ሲዘጋ ከበላይ ያለው ክፍል በአየርና በሰገራ ይሞላል። አንጀት ሲወጠር ግድግዳው ይሳሳል፤ በግድግዳው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጨመቃሉ። ከሁሉ በፊት ደም የሚያጥረው የውስጠኛው ሽፋን ነው። ደም ያጣ ሥጋ ይቆስላል፤ በቁስሉ በኩል ደግሞ ባክቴሪያ ይገባል። ለዚህም ነው ሐኪሞች ይህን ቁጣ በአመዛኙ ከደም እጥረት የመጣ ነው የሚሉት። ከሚያስገርመው ነገር አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ በዕጢውና በቁስሉ መካከል ጤነኛ የሆነ የአንጀት ክፍል መገኘቱ ነው። ከዕጢው በታች ያለውም ጤነኛ ነው። ስለዚህ ቁስሉና ዕጢው የማይተዋወቁ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይመስላሉ።

ተቅማጡስ ከየት መጣ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኛም ተሳስተናል። ተቅማጥ ያለበት ሰው አንጀቱ ክፍት ነው ብለን እናስባለን። ነገር ግን መንገዱ ፈጽሞ ሳይዘጋ ሲጠብ፣ ጠጣሩ ላይ ይቀርና ፈሳሹ በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል። የቆሰለው ግድግዳም ውሃ፣ ንፍጥና ደም ያመነጫል። ስለሆነም ድርቀትና ተቅማጥ እየተፈራረቁ ሲመጡ፣ በተለይም ዕድሜው ገፋ ባለ ሰው ላይ፣ ይህ አሜባ ነው ብሎ ክኒን ከመዋጥ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። ጋሼን ያጠቃቸው አሜባ አልነበረም።

የጉሎ ዘይቱንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አንጀትን ገፍትሮ እንዲጨመቅ ያደርገዋል። መውጫ ለሌለው አንጀት ይህ መከራ ነው። ግድግዳው እየሳሳ የመጣ አንጀት ሊቀደድ ይችላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው፣ ዕጢው በግራ በኩል ሆኖ ሳለ፣ በቀኝ በኩል ትርፍ አንጀት የተንጠለጠለበት የትልቁ አንጀት መነሻ ነው። እሱ ሰፊ በመሆኑ ውጥረቱ ይበዛበታል፤ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሐኪሞች እንቅልፍ የላቸውም። በትንሹና በትልቁ አንጀት መካከል ያለው በር ወደ ኋላ የማያሳልፍ ከሆነ ደግሞ አየሩ በሁለቱም በኩል ታስሮ ይቀራል። አንጀት ከተቀደደ ሰገራው ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ያ ሰዓታት እንኳ የማይሰጥ አደጋ ነው። እንግዲህ ሆዱ የተወጠረ፣ የሚያስመልሰው፣ ሰገራም አየርም የማይወጣለት ሰው ካለ፣ ምንም የሚያስቀምጥ ነገር አይስጡት። ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

መዘጋት የሚያመጣው ካንሰር ብቻ አይደለም። አገር ቤት ብዙ ጊዜ የምንሰማው የአንጀት መጠማዘዝ አለ። ከቆየ ቁስል የመጣ ጠባሳም ያጠባል። ከመዘጋቱ በላይ የሚመጣው ቁጣም አንጀታቸው ለተዘጋባቸው ሁሉ አይደርስም፤ ከመቶ የጥቂቶች ዕጣ ነው። ጥቂት በመሆኑ ግን ይዘነጋል፤ ሲዘነጋ ደግሞ ያታልላል። አንዳንዱ በሽተኛ የተቆጣው ቦታ ብቻ ታይቶ ለሌላ ዓይነት ኮላይቲስ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ታችኛው ዕጢ በዚያ መሃል ያድጋል። የሕመሙ ስም ኮላይቲስ ነው ከተባላችሁ «ከምን የመጣ ነው? ከበታቹ መንገዱ ክፍት መሆኑ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ሐኪምን መዳፈር አይደለም። ጋሼ አልጋ ላይ ተኝተው የጠየቁት ጥያቄ ነው።

ለቀዶ ሐኪሙም ቢሆን ይህ ቁጣ ቀላል ነገር አይደለም። ዕጢውን ቆርጦ ካወጣ በኋላ ሁለቱን የአንጀት ጫፎች መስፋት አለበት። የላይኛው ጫፍ የተቆጣና ደም ያጠረው ከሆነ ስፌቱ አይይዝም፤ ይተረተራል፣ ያፈስሳል። አንጀቱ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ሊቆስል ይችላል። ስለዚህ የሚቆረጠው ክፍል ወዲያው ተከፍቶ ውስጡ መታየት አለበት፤ ቁስሉ ካላለቀም ወደ ላይ መቀጠል ያስፈልጋል። አንዳንዴ አብዛኛው ትልቅ አንጀት ይወጣል። አንዳንዴ በጠበበው ቦታ ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ ገብቶ መንገዱ ይከፈትና፣ አንጀቱ ሲተነፍስና ሲረጋጋ ኦፕራሲዮኑ ከቀናት በኋላ ይደረጋል። አንዳንዴም ጨርሶ ሳይሰፋ ይቀራል፤ የላይኛው ጫፍ በሆድ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶለት ሰገራው ከረጢት ውስጥ እንዲወርድ ይደረጋል። ይህን ዘዴ በስሙ የሚጠራበት አንሪ ሃርትማን የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ይፋ ካደረገው እነሆ መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ነፍስ እያዳነ ነው።

የጋሼም ዕጣ ይኸው ሆነ። ዕጢው ከነቆሰለው ክፍል ወጣ፤ በግራ ሆዳቸው ላይ ከረጢት ተደረገላቸው። ዕጢው በአቅራቢያው ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ደርሶ ስለነበር የኬሞ መድኃኒት ለወራት ወሰዱ። ከሁሉ የከበዳቸው ግን ሕመሙም መድኃኒቱም አልነበረም፤ ከረጢቱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ። ለቅሶ ቤት መሄድ ተዉ። «ይሸታል ብለው ይሸሹኛል» ይሉ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ለዚህ ብቻ የሠለጠነች ነርስ ከረጢቱ እንዴት እንደሚያያዝ፣ እንዴት እንደሚለወጥ አስተማረቻቸው። በትክክል ከተያያዘ ምንም ሽታ እንደሌለው እሳቸውም እኛም አየን። ከወራት በኋላ ሌላ ኦፕራሲዮን ተደርጎ አንጀታቸው ተቀጠለ፤ ከረጢቱም ቀረ። ይህ ለሁሉ ሰው ይሆናል ማለት አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ከረጢቱን ይዘው የሚሠሩ፣ የሚጓዙ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ጋሼ ለወንድምና ለእኅቶቻቸው የነገሯቸው «የጨጓራ ኦፕራሲዮን ነው» ብለው ነበር። ዘመድን ላለማስጨነቅ ነው። በኛ ዘንድ የካንሰር ስም አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። ዶክተሯ ግን ይህን ስትሰማ ደነገጠች። የትልቁ አንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ወንድም፣ እኅትና ልጅ ከሌላው ሰው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ 40 ዓመት ሲሞላቸው፣ ወይም በሽተኛው ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው፣ ከሁለቱ ቀዳሚ በሆነው ጊዜ ምርመራ እንዲጀምሩ ይመከራል። የጋሼ ታናሽ ወንድም 51 ዓመታቸው ነው፤ ተመርምረው አያውቁም። ጨጓራ ነው የተባለ ሰው አንጀቱን ሊያስመረምር የሚችለው በምን ምክንያት ነው? በፍቅር የተነገረች ውሸት የወንድምን መንገድ ትዘጋለች።

ጋሼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያስቡበት ቆዩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ለወንድማቸው ደወሉ። ከሰላምታው በኋላ ዝም አሉ። ከዚያ «ስማኝ ወንድሜ፣ ያኔ የነገርኩህ ጨጓራ አልነበረም። ካንሰር ነው፤ የአንጀት። ደም እያየሁ ነው የደበቅኩት። አንተ አትደብቅ» አሉት። ከወዲያ በኩል ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። በመጨረሻ ወንድማቸው «እኔም አያለሁ» አሉ። በሳምንቱ ተመረመሩ። የእሳቸው ደም ከፖሊፕ ነበር፤ ገና ካንሰር ያልሆነ ትንሽ ሥጋ። በዚያው በመመርመሪያው መሣሪያ ተነቅሎ ወጣ።

ፖሊፕ ማለት ከአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እንደ እንጉዳይ ያለ ነገር ነው። ሁሉም ካንሰር አይሆንም። ካንሰር የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመለወጥ 10 ዓመት ያህል ይወስድበታል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። በአሜሪካ አገር ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ ከ100 በሽተኞች 90 ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ከተሠራጨ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 15 ያሽቆለቁላል። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ካንሰር ተይዘዋል፤ 900 ሺህ ያህል ሞተዋል።

ታላቁ ፔሌ ዕጢው እ.ኤ.አ. በ2021 በቀኝ አንጀቱ ላይ ተገኝቶ ቢወጣም፣ በታኅሣሥ 2022 በ82 ዓመቱ ያረፈው በዚሁ በሽታ ነው። «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም የምታውቁት ቻድዊክ ቦዝማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በሽታው ተገኝቶበት፣ ለሕዝብ ሳይናገር ፊልም እየሠራ ቆይቶ፣ በ2020 በ43 ዓመቱ አርፏል። የሽማግሌ በሽታ ነው የምንል ይህን እናስብ።

በአሜሪካ ያላችሁ፣ ምንም ሕመም ባይኖርባችሁም 45 ዓመት ሲሞላችሁ ምርመራ ጀምሩ። ድሮ 50 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 45 ዝቅ ብሏል። ኮሎኖስኮፒ ምንም ካላገኘ በ10 ዓመት አንዴ ይበቃል። እሱን የምትፈሩ በየዓመቱ የሰገራ ምርመራ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ዕቃው ቤት ይሰጣችኋል፤ በዓይን የማይታይ ደም ይፈልጋል። ደም ከተገኘ ግን ኮሎኖስኮፒው አይቀርም። በእንግሊዝ ያላችሁ፣ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለ ሰው ይህ ዕቃ በየ2 ዓመቱ በፖስታ ይላካል፤ የማስታወቂያ ወረቀት መስሏችሁ አትጣሉት። በሌላ አገር ያላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ደም ያየ፣ የሆዱ ልማድ ለሳምንታት የተለወጠበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ደም ያነሰው ሰው ዕድሜው ስንትም ቢሆን፣ በተራ ማጣሪያ ሳይሆን በቀጥታ በሐኪም መመርመር አለበት።

ኢንሹራንስ የለኝም ብላችሁ ሆዳችሁ ተወጥሮ ቤት የምትተኙም አትጠፉም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣውን ሰው ገንዘብ አለህ የለህም ሳይል መርምሮ ከአደጋ ማውጣት ግዴታው ነው። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል፤ በሂሳብ ላይ መደራደር ይቻላል።

አስተርጓሚም ጠይቁ። አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ ያቀርባሉ፤ በስልክም ቢሆን። እንደኔ ያለ ወዳጅ፣ እንደ ልጅ ያለ ዘመድ ይዛችሁ መሄዳችሁ ጥሩ ነው፤ እጅ ይይዛል፣ ያጽናናል። ነገር ግን የሚያከብራችሁ ሰው የሚያሳፍረውን ጥያቄ አይጠይቃችሁም። የማያውቃችሁ ባለሙያ ይሻላል። የግድ እናንተው የምታስተረጉሙ ከሆነ ደግሞ ቃሉን እንዳለ አስቀምጡት። እኔ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ቆርጣችሁ ያዙት፦ «ጋሼ፣ ሰገራዎ ላይ ደም አይተዋል? ቀይ ነው ወይስ ጥቁር? ከመቼ ጀምሮ?»

በዚህ ዓመት እኔም 45 ሞላኝ። ኮሎኖስኮፒ ልደረግ ስሄድ መኪናውን የነዱልኝ ጋሼ ናቸው፤ ከማደንዘዣው በኋላ መንዳት አይፈቀድምና። ነርሷ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቀኝ እሳቸው ከጎኔ ነበሩ። ተሽቆጥቁጬ ለመመለስ ስዘጋጅ ጋሼ በአማርኛ «በል ተናገር፤ ሆድ አይፍጀው» አሉኝ።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።